በምድጃ ያደጉ ሎሚዎች

በቀደም ፒያሳ አጠገብ ካለ የእርሻ ዕቃ መሸጫ ገብቼ ጎኑ ሁሉ የተበሳሳ ጥቁር የፕላስቲክ ችግኝ ማሳደጊያ አየሁ። ሻጩ ልጅ እግር ነው። «ማዘር፣ ይሄ አዲስ የመጣ ነው» አለና ያስረዳኝ ጀመር። ሥሩ ቀዳዳው ጋ ሲደርስ ነፋስ ጫፉን ያደርቀዋል፤ ሥሩም መጠምጠሙን ትቶ ከኋላው ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። አዲስ ማለቱ አሳቀኝ። ምን ዓይነት አፈር እንደሚገባበት ብጠይቀው «ጥሩ ጥቁር አፈር ነዋ» አለኝ። እዚህ ላይ ሳቄን ዋጥኩ። በጥቁር አፈር ምክንያት ከአባቴ ጋር የተጣላሁ ሰው ነኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ደርግ ወድቆ መንገዱ ከተከፈተ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ የሰፈራችን የአዲስ ዓለም ነጋዴም ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሯል። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች፣ ቆላው ዛሪማ ላይ ሱቅ ከፍቷል። አባቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው። አንድ የጥር ቀን ምሳ ላይ፣ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሳ፣ ክረምቱ ሳይገባ ዛሪማ ወርጄ የወንድሜን ሱቅ እንደምጠብቅ ነገረኝ። አልጠየቀኝም፤ ነገረኝ። እናቴ ወጥ ጨመረችለት።

«አልሄድም» አልኩ።

«እዚህ ምን ልትሠሪ?»

«ሎሚ አፈላለሁ። ችግኝ ሸጬ እኖራለሁ።»

አባቴ ሳቀ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እጁን እየታጠበ ፈረደ፤ ሎሚሽ ዝናብ እስኪጥል ከቆየ እናያለን፣ ከደረቀ ግን ጓዝሽን ትጠቀልያለሽ አለ። እኔም እሺ አልኩ። በዚያ ዕድሜ ሰው እሺ ሲልም እንቢ እንዳለ ነው።

ግቢያችን ድንጋይ የተነጠፈበት የእህል መጋዘን ነው፤ ዘር የሚቀበል ጭብጥ አፈር የለውም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በላስቲክ ከረጢት አፍልቼ ለጎረቤት የሰጠኋቸው ሎሚዎች ሁሉ ቀጭጨው ቀርተዋል። አንዷን ነቅዬ ሳይ ሥሯ እንደ ክር ድውር ዞሮ ዞሮ ተጠምጥሟል፤ መሬት ከገባችም በኋላ ከከረጢቱ ቅርጽ አልወጣችም። ከረጢት ጠፍቶኝ በተጣለ የከሰል ምድጃ ውስጥ የተከልኳት አንዷ ግን ሌላ ነበረች። ቆርቆሮ ሠሪዎች ነፋስ እንዲገባ ጎኑን በሚስማር የሚበሱትን ምድጃ ታውቁታላችሁ። በየቀዳዳው የደረሰው ሥር ጫፉ ደርቆ፣ ወደ ውስጥ ግን እንደ መጥረጊያ ቀጥ ብሎ በዝቷል። እኔም ግርጌያቸው በዝገት የተበላ ምድጃዎችን ከየቤቱ ለቀምኩ፤ ታቻቸውን በጆንያ ቁራጭ ደፈንኩ። ሰፈሩ መሳቂያ አገኘ፤ የእህል ነጋዴው ልጅ ሎሚ በምድጃ ታበስላለች ተባለ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ትውልዱ ደምቢያ ነውና፣ ካልቀረ ብሎ የቆላ ድባ ደንበኛው አያ ደምሴ ከሽንብራው ጭነት ጋር አንድ ጆንያ ዋልካ አፈር እንዲያመጡ አዘዛቸው። ለደምቢያ ሰው ከዚያ ጥቁር አፈር በላይ ስጦታ የለም፤ እኔም ኮርቼ ምድጃዎቹን ሞላሁበት፤ የሎሚ ቡቃያዎቼንም ተከልኩበት። ብዙም አልቆየ፤ ዋልካው ደርቆ ከቆርቆሮው ጎን ሸሸ፣ ተሰነጠቀ። ውሃ ባፈስበት በስንጥቁ ወርዶ በቀዳዳው ወደ ውጭ ይፈሳል፤ መሐሉ ደረቅ ነው። አብዝቼ ሳጠጣው ደግሞ ጭቃ ሆኖ ሥሩን አነቀው። ሜዳ ላይ እህል የሚያበቅል አፈር ምድጃ ውስጥ ጡብ ሆነብኝ። ቅጠሉ መገርጣት ጀመረ፤ አባቴም ልመጣ መሆኔን ለሰይድ ላከበት።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ችግኞቹን ነቅዬ ዋልካውን ግቢው መሐል ስደፋ ደረሱ፤ አባቴና አያ ደምሴ።

«ሸጋ አፈር እኮ ነው ልጄ፤ ምነው ደፋሽው?» አሉ አያ ደምሴ፣ እውነትም አዝነው።

«ለጤፍ ሸጋ ነው አያ። ለእኔ ምድጃ ግን አይሆንም።»

 አባቴ እንግዳውን ሸኝቶ ሲመለስ ከእንግዲህ ከበርሜሉ አንድ ጣሳ ውሃ እንዳልነካ ከለከለኝ። የቧንቧው ውሃ በወረፋ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ነውር አደረግክ ልለው አልችልም ነበር። ተናድጄ ግን አደርኩ።

ከከሰል ተራ የጆንያ ታች ድቃቂ ለምኜ አመጣሁ፤ ከቀሃ ወንዝ አሸዋ፣ ከከብት በረት የከረመ ፍግ። ዋልካውንም ሙሉ በሙሉ አልጣልኩትም፤ በየምድጃው አንዳንድ ጭብጥ ጨመርኩ፣ ብዙ ሲሆን ነው እንጂ ጥቂቱ እርጥበት ይይዛል። ችግኞቹንም መልሼ ተከልኩበት። ይህ ድብልቅ ቶሎ ይጠጣል፤ በዚያ ሁሉ ቀዳዳ ነፋስ ስለሚገባበት ግን ቶሎ ይደርቃል። በአንድ ጊዜ ብዙ ሳይሆን ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት ነው የሚፈልገው። ውሃው ከየት ይምጣ? ግቢው ጥግ የውዱ ድንጋይ አለ፤ አባቴ፣ የመጋዘኑ ሰዎች፣ እንግዳም ቢመጣ ለሶላት የሚታጠቡበት። በቀን አምስት ጊዜ ውሃው በቦይ ወርዶ ወደ መንገድ ይሄዳል። ምድጃዎቼን በዚያ ቦይ ላይ ደረደርኩ።

አባቴ ለዐስር፣ ለከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ማንቆርቆሪያውን ይዞ መጣና ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከበርሜሉ አልነካሁም።»

«የውዱዬን ውሃ ልትወስጂ ነው?»

«ወደ መንገድ ከሚፈስ ወደ ሥር ቢወርድ ምን አለበት? ወንዝ ዳር ብትሆኑም ውሃ አታባክኑ ብለህ ያስተማርከን አንተ ነህ።»

ዓይኔን አልሰበርኩም።  አባቴ ተቀመጠና እጁን፣ ፊቱን ታጠበ። እግሩ ላይ ሲደርስ ትንሽ ወደ ጎን ዞረና ውሃው ከዳር ባለው ደረቅ ምድጃ ላይ ወረደ። አስቦበት ይሁን ሳያስበው እስኪሞት ድረስ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሰኔ ሲገባ ሎሚዎቼ ጥቁር አረንጓዴ ሆነው ቆመው ነበር። አባቴ ተሸነፍኩ አላለም፤ ስለ ዛሪማ ግን አፉን አልከፈተም። ዝናቡ ጋብ ሲል ሰይድ ችግኝ ላኩልኝ አለ፤ ቆላው ለሎሚ ይስማማል። ምድጃዎቹን ወደ ዛሪማ በሚሄደው ጭነት መኪና ላይ በገመድ ያሰረው አባቴ ራሱ ነው። ሾፌሩን «ሊማሊሞ ላይ ቀስ በል፤ የልጄ ሎሚ ነው» ሲለው ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁና አለቀስኩ።

ከሻጩ ልጅ ዕቃውን አልገዛሁም። ጥቁር አፈሩን ቀንሰህ የከሰል ድቃቂ ጨምርበት፣ ውሃውንም ጥቂት ጥቂት አድርገው ብዬው ወጣሁ። በችግኝ ሽያጭ ያሳደግኋቸው ልጆቼ ዛሬ የቀሩኝን አሮጌ ምድጃዎች ጣይ ይሉኛል፤ አልጥልም። ሰይድም በየዒዱ ይደውላል፤ ሎሚዎችሽ ጥላ ሆነዋል፣ መንገዱም ተሠርቷል፣ አንድ ቀን እንኳ መጥተሽ እያቸው ይለኛል። ዛሪማን እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየኋትም። መሄዱን እሄዳለሁ፤ ሂጂ የሚለኝ ሰው የጠፋ ቀን።