ኤሊፋስ ያስገዘተው ዛፍ

ሚስቱን ባሕር ከወሰደበት ወዲህ ኤሊፋስ በኢንዶኔዥያዋ ሳፓሩዋ ደሴት የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። «እግዚአብሔር የሚባል የለም! ቢኖርማ ጀልባዋ ባልተገለበጠች» እያለ ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር ይሟገታል። ኮኮናቱን ሌባ ሲጨርስበት ግን፣ ይሄው ሰውዬ እህቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ፓስተር ልኮ ዛፎቹን አስገዘተ። ፓስተሩ እሑድ በጉባኤው ፊት ጸልየው ፍሬውን ለእግዚአብሔር አደራ ሰጡ፤ በየግንዱም የግዝቱ ምልክት የሆነ የዘንባባ ዝንጣፊ ታሰረ። ግዝቱ በጸሎት ካልተፈታ ማን ደፍሮ ፍሬውን ይነካል? ሌባው እንኳ ዞሮ ይሄዳል።

«ሞኞች! ቅጠል ይፈራሉ» ብሎ ኤሊፋስ ሳቀባቸው።

አንድ ቀትር ላይ ውሃ ጥም ሲያቃጥለው ከተገዘቱት ዛፎቹ አንዱ ላይ ወጣና አንድ እሸት ኮኮናት ቆረጠ። ጎረቤቱ እማማ ናኦሚ ከታች ጮኹ።

«ኧረ አንተ ኤሊፋስ! አብደሃል? የተገዘተውን?»

«የራሴ ዛፍ እኮ ነው እማማ!»

«ለእግዚአብሔር ሰጥተኸዋል! ግዝት ባለቤቱንም ይይዛል፤ ይሄን ሳታውቅ ነው ጢም ያበቀልከው?»

ለካ ግዝቱ ለእሱም እንደሚሠራ ረስቶት ኖሯል። ከፍርሃቱ የተነሳ ግንዱን ሙጭጭ አድርጎ አቅፎ መውረድ አቃተው። ጎረቤቶቹ በገመድ አስረው ነው ያወረዱት።

እሑድ ኮኮናቱን እንደታቀፈ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ጉባኤው በሙሉ ዞሮ አፈጠጠበት።

«ግዝቱ እንዲፈታልህ ነው የመጣኸው ወንድሜ?» አሉት ፓስተሩ።

«አይደለም» አለ ኤሊፋስ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «የለም እያልኩ ስምል ኖሬ፣ ዛፉ ላይ ማንን ነው የፈራሁት?»