እማዬ ባዶ ወረቀት የከተተችበት ምርጫ

በብሪታንያው ምርጫ ዋዜማ እህቴ ሊዲያ ከማንቸስተር ደወለችልኝ። እዚያ ካገባች ቆይታለች፤ ዜግነትም አግኝታለች። «ሦስት ተወዳዳሪዎች በሬን አንኳኩተው ወረቀት ሰጥተውኛል» አለችኝ። «አንዱን ባለፈው አምኜው ነበር፣ ጉድ ሠራኝ። ሁለተኛዋ የምትለውን ራሷም የምታምንበት አይመስለኝም። ሦስተኛው ደግሞ የእኔ ዓይነቱን ሰው አገሩ ውስጥ ማየት አይፈልግም። ነገ ምን ላድርግ?» ንዴት የለባትም፤ ድካም ብቻ ነው። ያንን ድካም አውቀዋለሁ። ልጅ እያለሁ፣ እዚሁ ኖርዌይ፣ ኦስሎ፣ ሃውገሩድ ሰፈር በነበረው ቤታችን ከእናቴ ሰምቼዋለሁ።

እማዬ የምትሠራው ሲከየም ውስጥ ነበር፤ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት። ስታቅፈን እጇ ሁልጊዜ የእጅ ማጽጃ አልኮል ይሸታል። የኖርዌይ ዜግነት ያገኘችው እኔ አሥር ዓመት ሲሆነኝ ነው፤ ፓስፖርቱን እንደያዘች መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ጉዞ ሳይሆን ስለ ምርጫ ነበር። አገር ቤት ሳለች ያየችው ምርጫ አሸናፊው ቀድሞ የሚታወቅ ነበርና።

በዚያ ክረምት ማብቂያ ፓርቲዎቹ ፉሩሴት ሰፈር የገበያ ማዕከሉ ፊት ለፊት ድንኳን ተከሉ። ለእኔና ለሊዲያ ሠርግ ነበር። ፊኛ በነፃ፣ እስክሪብቶ በነፃ፣ በቅቤ የተጋገረ ትኩስ ዋፍል በእንጆሪ ማርማላታ። የቅቤው ሽታ ገና ከባቡሩ ስንወርድ ይቀበለናል። እማዬ ግን ለጨዋታ አልመጣችም። ቋንቋውን ብትችልም አንድ ቃል እንዳታበላሽ ፈርታ እኔን አስተርጓሚ አድርጋ ከድንኳን ድንኳን ዞረች። «ከሰዓት በኋላ ለሃያ አረጋዊ ሁለት ሰው ነን በያቸው። ሰው ትጨምራላችሁ ወይ በያቸው።» ሁሉም እየሳቁ «ያ፣ ያ»፣ አዎ አዎ፣ አሉ። አንዲት አጭር ፀጉር ያላት ተወዳዳሪ ግን ማስታወሻ አውጥታ ጻፈችው። የእማዬንም ስም ጠየቀች፤ «ፀሐይነሽ» የሚለውን አስተካክላ እስክትጠራው ሦስቴ ሞከረች። እማዬ እዚያው ወሰነች።

የምርጫው ቀን አባዬ የቤተ ክርስቲያን ሱፉን ለበሰ። ድምፅ የሚሰጠው እኔ በምማርበት ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ ነበር፤ የላስቲክ ፍራሽና የተወለወለ ወለል የሚሸት ሰፊ ክፍል። እማዬ ወረቀቷን ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። እስከ ቤት ድረስ መዝሙር እያንጎራጎረች መጣች።

የመረጠችው ፓርቲ አሸነፈ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ሲከየሙ ውስጥ በጀት የለም ተባለና የከሰዓቱ ሥራ ለአንድ ሰው ቀረ። አንድ ቀን እማዬ አንዲት አሮጊት እያጠበች ሳለ በሚቀጥለው ክፍል ያሉት አዛውንት ወደቁ። ድምፃቸውን እየሰማች እርጥቧን ሴትዮ ጥላ መሄድ አልቻለችም። ስትደርስ ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቆመው አልሄዱም። እማዬ ሳምንት ሙሉ እህል አልበላ አላት። ከዚያ አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ ለዚያች አጭር ፀጉር ላላት ሴት ደብዳቤ አጻፈችኝ። ባለኝ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩት። ከሁለት ወር በኋላ በማሽን የታተመ ሦስት መስመር መልስ መጣ፤ ስለ ተሳትፎዋ ያመሰግናል። የእማዬ ስምም ተሳስቷል።

የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እማዬ ድንኳኖቹ አጠገብ አልደረሰችም። በምርጫው ቀን ግን ከሥራ መጥታ፣ ልብሷን ቀይራ፣ ከእኛ ጋር ሄደች። ከመጋረጃው ጀርባ፣ የየፓርቲው ወረቀትና አንድ ባዶ ወረቀት በተደረደሩበት፣ በጣም ቆየች። አስተናባሪዋ ሴትዮ እርዳታ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ «አይ፣ ጨርሻለሁ» ብላ ወጣች።

እራት ላይ አባዬ ለማን ድምፅ እንደሰጠች ጠየቃት።

«ለማንም። ባዶውን ወረቀት ነው የከተትኩት።»

አባዬ የያዘውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠው። «ለዚህ መብት ስንት ሰው እንደሞተ ረሳሽው እንዴ?»

«አንዱ ወንድሜ አይደል?» አለች ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «እንዴት እረሳለሁ? ለዚያ ነው ቤቴ ያልተቀመጥኩት። ሄድኩ፣ ተሰለፍኩ። የማላምነውን መክተት ግን አቃተኝ።»

ሊዲያ ሳህኗን አቀርቅራ ታያለች። እኔ ግን አፈርኩ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ልጆቹ ወላጆቻቸው የመረጡትን ፓርቲ እየጠሩ ሲፎካከሩ፣ እናቴ አሸናፊውን መረጠች ብዬ ዋሸሁ። ለእማዬ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ይህንን በዚያው ስልክ ለሊዲያ ሳነሳላት ሳቀች። «እዚህ እኮ የባዶ ወረቀት ቦታ የለም። ሳትሞይ ብትከቺው የተበላሸ ይሉታል» አለችኝ። በማግስቱ ሦስተኛው እንዳያሸንፍ ብላ የማታምናትን ሁለተኛዋን መረጠች። ሴትዮዋም አሸነፈች። ሊዲያ ቴሌቪዥኑን ዘግታ ተኛች። ለእማዬ ስነግራት «ደክሟታል ልጄ፣ ደውይላት» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ያኔ በእናቴ ያፈርኩት፣ መምረጥ ማለት የሚወዱትን ማግኘት ስለመሰለኝ ነበር። አሁን እኔም ጋምለ ኦስሎ በሚባለው ሰፈር መጋረጃ ጀርባ ገብቼ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላብጣለሁ፤ ከኋላዬ ሰው ጉሮሮውን ሲጠራርግ እየሰማሁ። አንዱን አጥፌ እወጣለሁ። ባለቤቴ በር ላይ ይጠብቀኛል። ማንን እንደመረጥኩ አይጠይቀኝም፤ እኔም አልጠይቀውም። ቤታችን እስክንደርስ ስለ አየሩ እናወራለን።