አባዬ በጸበል የተመለሰ ዕለት

በሥራ ቦታዬ ያለው አሮጌ የመስኮት አየር ማቀዝቀዣ ተንገጫግጮ በተነሣ ቁጥር፣ ከጉርምርምታው ሥር የአባቴ የጸሎት ድምፅ የሚሰማኝ ይመስለኛል። ቴክሳስ ውስጥ ጋርላንድ የነበረው አፓርታማችን እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ነበረው፤ አባዬ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ማለቴ ወደ ፓርኪንጉ አዙሮ፣ ዳዊቱን በለሆሳስ ሲደግም፣ እሱና ማቀዝቀዣው እየተቀባበሉ የሚጸልዩ ይመስሉ ነበር። እኔም አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ያንን ስሰማ፣ ቤታችን ደህና እንደ ሆነ አውቅ ነበር።

በሱዳን በኩል ተሰደን ስንመጣ ሕፃን ስለ ነበርኩ፣ የማስታውሰው በጋና ክረምት ሁሉ የቴክሳስ ነው። ፍልሰታ የምትገባው አስፋልቱ በሚቀልጥበት ወር ነበር። እናቴ «እኛ ፍልሰታን የምናውቃት በዝናብና በጭቃ ነው፤ ይህችኛዋ ምነው እሳት ጎርሳ መጣች!» እያለች፣ ፎጣ አርሳ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሽሮዋን ታማስል ነበር። አባዬ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ነበርና፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ፣ በዚያ ሙቀት ተሰልፎ ውሎ ሲመጣ፣ ደረጃው አጋማሽ ላይ ቁጭ ብሎ ደረቱን ያሻሽ ነበር። «ሙቀቱ ነው» ይለን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን የያዘው የሽንኩርት ከረጢት ከእጁ አምልጦ፣ ሽንኩርቱ በደረጃው እየተንከባለለ ወርዶ፣ እሱ እዚያው ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። የልቡ የደም ሥሮች ጠበው ነበርና፣ ሐኪሙ ደረቱ ተከፍቶ መታከም አለበት አለ።

ቀጠሮው ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በጽጌ ሆነ። በቤታችን የእንግሊዝኛው አፍ እኔ ነበርኩ፤ በአስር ዓመቴ የመብራቱንም፣ የትምህርት ቤቱንም፣ የሐኪሙንም ቃል የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። «ከዋዜማው ጀምሮ ምንም ነገር በአፉ እንዳይገባ» ሲሉን፣ እኔም ያንኑ ለእናቴ ነግሬያት፣ እሷም «ጾም ለእኛ ምን አዲስ ነገር ነው?» ብላ ስቃ ነበር። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጸበል ከፍሪጅ አውጥታ፣ በትልቁ የሻይ ኩባያ ሞልታ ሰጠችው፤ አባዬም አማትቦ፣ ጠብታ ሳያስቀር ጨለጠው።

ሆስፒታል ያደረሰን ጋሽ ታደሰ ነበር፤ ከአባዬ ጋር ታክሲ የሚነዳ፣ ለቅሶ ቤትም ሰው የሚያስቅ ጎረቤታችን። ነርሷ አባዬን አስተኝታ፣ የበላው ወይም የጠጣው ነገር እንዳለ እንድጠይቀው ነገረችኝ።

«ጾሜን ነኝ በያት» አለ አባዬ።

ወደ እናቴ ዞር ብዬ «እማዬ፣ ጸበሉስ?» አልኳት።

«እሱ ደግሞ መጠጥ ነው እንዴ? መድኃኒት ነው እንጂ!»

አባዬ ግን «ሂሩቴ፣ እንዳለ ንገሪያት። ጸበል ላይ ውሸት አይጨመርበትም» አለኝ።

ነገርኳት። ስንት እንደ ጠጣ ስትጠይቀኝ በእጄ የኩባያውን ቁመት አሳየኋት። ወጥታ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራ ተመለሰችና፣ ስለ ጠጣ ቀዶ ሕክምናው ለሚቀጥለው ሳምንት መዛወሩን ነገረችን። ጋሽ ታደሰ ሊወስደን ሲመጣ «ሶ፣ ሰርጀሪው ካንስል ሆነ? ሰው በቢራ ይመለሳል፣ አንተ በጸበል!» ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ያ ሳምንት ለእኔ ዓመት ነበር። ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ መጥቼ፣ ገና በሩን ሳልከፍት ጆሮዬን ለጥፌ አባዬ ሲያስል ወይም ሲናገር እስክሰማ እቆም ነበር፤ ያ ልብ ሳይታከም ቀጥ ቢል፣ ምላሴ የገደለው እየመሰለኝ። እናቴ ግን ነጭ ሽንኩርቷን ትልጣለች፣ ለሥራ የሚለብሳቸውን ሸሚዞች ትተኩሳለች። አንድ ቀን አላስቻለኝምና «እማዬ፣ ባልነገርኳት ኖሮ…» ብዬ ለቅሶ ቀደመኝ።

ካውያውን አቁማ፣ «ቀኑን የቀየርሽው አንቺ ነሽ እንዴ? ተይ እንጂ የኔ እናት፣ ቀን የእግዚአብሔር ነው» አለችኝ።

«አንቺ አትፈሪም?»

«እንዴት አልፈራ! ባሌ አይደለም? ግን ፈርቼ ፈርቼ ሲያቅተኝ ለእሱ ሰጠሁት። አሁን እሱ ይያዘው፤ እኔ ሸሚዙን ልተኩስ።»

ይህን ብላ ቀድማ የተኮሰችውን ሸሚዝ እንደ ገና ዘርግታ ተኮሰችው፤ ፊቷ ግን ረግቶ ነበር። ፍርሃትና መርጋት እንዴት በአንድ ሰው ላይ እንደሚሆኑ ያኔ አልገባኝም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ጠዋት እናቴ ጣቶቿን ጸበሉ ውስጥ ጥቂት ብቻ ነክራ፣ የአባዬን ግንባርና ደረት ቀባች። ያችው ነርስ አየችንና፣ በእጇ የኩባያ ምልክት አሳይታ ቅንድቧን አነሣች። አባዬ ተርጉሚልኝ ሳይለኝ ገባውና «ዛሬ በላዬ ነው እንጂ በሆዴ የለም በያት» አለ። አልኳት፤ ሳቀችና ይዛው ገባች። በሩ ሲዘጋ እናቴ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳብ አድርጋ፣ ሐኪሙ ወጥቶ «ደህና ነው» እስኪለን ድረስ ከንፈሯ አላረፈም።

በበረዶው ወራት ደረጃው መስታወት ሲመስል፣ አባዬ ሲያስለው ደረቱን እንዲደግፍበት የተሰጠውን ትራስ አቅፎ፣ ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት ይመላለስ ነበር። ጋሽ ታደሰ «እንዲህ አቅፈሃት ከምትዞር ቀለበት እሰርላት እንጂ!» ይለዋል፤ አባዬም «አታስቀኝ አንተ ሰውዬ፣ ስፌቴ ይፈታል!» እያለ ትራሱን ይጨምቅ ነበር። ሁዳዴ ተፈትቶ መንገድ ዳሩ በሰማያዊ አበባ ሲሸፈን፣ ከተተኮሱት ሸሚዞች አንዱን ለብሶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያም ብዙ ዓመት ኖሮ፣ የእኔንም ልጆች አቅፎ ስሞ፣ በሰላም ዐረፈ።

ዛሬ ከጋርላንድ አጠገብ ባለችው በሳክሲ ከተማ እኖራለሁ። ሰሞኑን ጡቴ ላይ እብጠት ተገኝቶ፣ ናሙና ተወስዶ፣ ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው። ያኔ የሐኪሙ ቃል ለወላጆቼ የሚደርሰው በእኔ አፍ ነበርና፣ የከበደውን ቃል ቀለል አድርጌ አቀብል ነበር፤ አሁን ውጤቱ በስልኬ ሲመጣ ብቻዬን የማነበው ነው፤ ማንም አያለዝብልኝም። ያኔ እናቴ የረጋችው መጨረሻው እንደሚያምር ቀድማ ስላወቀች ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሷም ከእኔ የተሻለ የምታውቀው ነገር አልነበረም። እኔም ፈራሁ፣ አለቀስኩ፣ ሲያቅተኝም እንደ እሷ ለእግዚአብሔር ሰጠሁት። ውጤቱ ገና አልመጣም፤ ዛሬ ጠዋት ግን ልጆቼን ትምህርት ቤት ሳደርስ፣ በምን እንደ ሆነ እንጃ፣ መኪናው ውስጥ አብሬያቸው ስስቅ ራሴን ሰማሁት።