ለእትዬ መሰረት እጅ የሚሆን ደጋን

ጋሼ ወልደጻድቅ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣታቸው በፊት ወጥ ቤት ይገባሉ። የፔርሙዙን ክዳን፣ የዘይቱን ክዳን፣ የበርበሬውን ጣሳ ክዳን አንድ በአንድ አላልተው፣ ለይምሰል ያህል መልሰው ይገጥሟቸዋል። ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው ይወጣሉ። እትዬ መሰረት ኋላ ገብተው ሁሉንም በሁለት ጣት ይከፍቱታል። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር፣ ባልና ሚስቱ ስለዚህ ነገር ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ጋሼ ወልደጻድቅ ጎሚስታ ናቸው። ከአሰላ ወደ ቦቆጂ በሚወጣው መንገድ ዳር የጭነት መኪና ጎማ ሲፈቱና ሲያስሩ ነው ያረጁት። በሕይወታቸው ከእንጨት የሠሩት ነገር ቢኖር አንድ በርጩማ ነው፤ እሱም ይነቃነቃል።

እትዬ መሰረት ለልጆቻቸው ሁሉ ጋቢ የፈተሉት በገዛ እጃቸው ነው። የመጨረሻዋ ልጃቸው ናዝሬት ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው፤ የእሷም ጥጥ በጆንያ ሆኖ አልጋ ሥር ተቀምጦ ነበር። ባለፈው ሰኔ ግን አንድ ቀን ምሳ ላይ፣

«የናዝሬትን ጋቢ ከገበያ ብንገዛላትስ? አሁን ማን ይፈትላል» አሉ።

ጋሼ ወልደጻድቅ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። ከእትዬ መሰረት እናት የተወረሰው ደጋን ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ደጋኑ በጅማት የተወጠረ ጎባጣ እንጨት ነው፤ ጅማቱን በጣት ስበው ሲለቁት ጥጡን እየመታ ያፍታታዋል፤ ጥጥ መንደፍ የሚባለው ይህ ነው። ያኛው ደጋን ኃይለኛ ነው። የእትዬ መሰረት አውራ ጣት ደግሞ ከዓመት ዓመት እያበጠ መጥቷል። ሐኪም የመገጣጠሚያ ሕመም ነው ብሏቸዋል፤ እርሳቸው ብርድ ነው ይላሉ።

«ይገዛ» አሉ ጋሼ ወልደጻድቅ። በማግስቱ የወይራ ቅርንጫፍ ቆረጡ።

እርጥቡን ወይራ አጉብጠው በሽቦ አሰሩት። ሽቦው ሲፈታ እንጨቱ እንደ ጎበጠ ቀረ፤ ቢስቡት ቢለቁት ነፍስ የለውም። ቀጥሎ በመጋዝ የተሰነጠቀ የጽድ ጣውላ ሞከሩ። እሱ ደግሞ ገና ሲወጠር ከመሃሉ ተሰብሮ ግንባራቸውን ላጣቸው።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ እትዬ መሰረት ማታ።

«ጎማ ነው።»

«ጎማ ስንጥር አለው እንዴ?» ብለው ስንጥሩን በወረንጦ ከቅንድባቸው ላይ ነቀሉላቸው።

በሦስተኛው ከሁሩታ ዱላ እያመጡ የሚሸጡትን አቶ ኢብሳን ገበያ ድረስ ሄደው አማከሩ።

«ያ ወልዴ፣ ጠላት መጣብህ እንዴ? ቀስት ልትሠራ ነው?»

«የጥጥ ነው።»

«የጥጥ! ጥጥ ለጎሚስታ ምን ይሠራለታል?»

«ሳቅህን ጨርስና እንጨቱን አሳየኝ።»

አቶ ኢብሳ አንድ አዲስ የተቆረጠ ሀሮሬሳ መዘዙ፤ የዱላ እንጨት ነው፣ ይታጠፋል እንጂ ቶሎ አይሰበርም። «መጋዝ አታስነካው። በመጥረቢያ ሰንጥቀው፣ እንጨቱ ራሱ በሚሄድበት ይሂድ። ፀሐይም አታሳየው፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ሳይደርቅ ካጎበጥከው እንደ ወይራህ ይሆናል።»

«መቼ ይደርቃል?»

«ኅዳር።»

«ሰውዬ፣ ሰርግ አለብኝ እኮ!»

«እንጨቱ አልተጠራም» አሉ አቶ ኢብሳ።

ሀሮሬሳው ክረምቱን ከአሮጌ ጎማዎች ጀርባ ተጋድሞ ከረመ። ኅዳር ሲገባ ጋሼ ወልደጻድቅ በመጥረቢያ ጠርበው፣ በጠርሙስ ስባሪ መፋቅ ጀመሩ። አሁን የሚያውቁት ነገር ትዝ አላቸው፤ የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ከመኪናው ሥር የሚደረደረው ጎባጣ ብረት። ባሌስትራ መሃሉ ወፍራም ነው፣ ወደ ጫፎቹ እየሳሳ ይሄዳል፣ ሸክሙን የሚችለውም በዚህ ነው። ደጋኑንም እንደዚያው አደረጉት። ሚስማር ላይ ሰቅለው በገመድ ይስቡታል፣ ራቅ ብለው ያዩታል፣ አልጎብጥ ያለውን ክንፍ ብቻ ይፍቃሉ።

ግን እስከ የት ይፋቅ? ጭንቀታቸው ይሄ ነበር። ትንሽ ካሳነሱ የሚስታቸውን እጅ ያሳምማል፤ ካበዙ ጥጡን አይመታም፣ የተፋቀ እንጨት ደግሞ አይመለስም። እትዬ መሰረትን እንዳይጠይቁ፣ ብርድ ነው ብለው የሸሸጉትን ሕመም አውቄብሻለሁ ማለት ይሆንባቸዋል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቀጭን የጎማ ላስቲክ ይዘው መጡና አንዱን ጫፍ ከበርጩማቸው ጠርዝ ጋር አሰሩት። እኔ ቧንቧው አጠገብ ልብስ አጥባለሁ።

«መሲ፣ ነይ ይሄን ያዢልኝ፣ ልቆርጠው ነው።»

«ልጅቷ ትያዝልህ።»

«አንቺ ያዢው። በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ። እንደዚያ። ሳቢ።»

እትዬ መሰረት ሳቡ። ጋሼ ወልደጻድቅ የሚያዩት ላስቲኩን ሳይሆን ፊታቸውን ነበር። የእትዬ መሰረት ከንፈር ጭምድድ ሊል ሲል ቶሎ ብለው ላስቲኩ የደረሰበትን በርጩማው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉና «በቃ» አሉ።

«አልቆረጥከውም እኮ።»

«ነገ እቆርጠዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አለፋኸኝ?»

ጋሼ ወልደጻድቅ በርጩማውን አንስተው ሄዱ። ሰኞ ላስቲኩንና በርጩማውን ይዘው ጎማ ቤት ገቡ። ላስቲኩን ከደጋኑ ጅማት ጋር አስረው ይስባሉ፤ ላስቲኩ እስከ ምልክቱ ተለጥጦ ጅማቱ ግን በደንብ ካልመጣ፣ ደጋኑ ገና ለመሲ እጅ ጠንካራ ነው። ይፍቃሉ፣ ያስራሉ፣ ይስባሉ። አንድ ሹፌር ጎማው ተነፍቶለት ሄዶ ሒሳብ እንዳልከፈለ እንኳ ያወቁት ከመሸ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ደጋኑን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው አመጡና ከእትዬ መሰረት ጎን አኖሩት። እትዬ መሰረት አገላበጡት። ጅማቱን አንዴ ሳብ አድርገው ለቀቁት።

«ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው» አሉ።

ጋሼ ወልደጻድቅ አንገታቸውን ደፉ። በሩ ላይ ቆሜ ስለነበር ለመሄድም ለመቆየትም አፈርኩ። እትዬ መሰረት ግን ጆንያውን ከአልጋ ሥር ሳቡ። አንድ ጭብጥ ጥጥ አወጡ። መቱት፤ ደገሙት። ጥጡ ተነፋ፣ ነጣ፣ ጭናቸውን ሞላው። ሌላ ጭብጥ ጨመሩ። ብዙ ከነደፉ በኋላ ቀና ሳይሉ፣

«በዚያ ላስቲክ ነው የለካኸኝ?» አሉ።

«የቱ ላስቲክ?»

«ውሸታም» አሏቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጅማቱን እየሳቡ።

የናዝሬት ጋቢ አሁን ሸማኔ ቤት ነው። ይህን ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው ጋሼ ወልደጻድቅ የወይራውንም፣ የግንባራቸውንም ነገር ጻፊው አሉኝ። አንድ ነገር ብቻ እንድተው ለመኑኝ። «መንገድ ዳር የምውል ሰው ነኝ፤ ሹፌሮቹ መሳቂያ ያደርጉኛል» አሉ። እትዬ መሰረት ከጓዳ ሰምተው፣ «እሱ ካልተጻፈ ምኑን ጻፍሽው!» አሉ። እኔም የእትዬ መሰረትን ሰማሁ።

በታኅሣሥና በጥር ውርጭ፣ የእትዬ መሰረት ጣቶች ያንን ልል ደጋን እንኳ እምቢ ባሉ ጠዋት፣ ጋሼ ወልደጻድቅ ሥራቸውን አርፍደው ይከፍቱ ነበር። የግቢውን በር ከውስጥ ቀርቅረው፣ ነጠላ ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ሚስታቸው «ቀስ በል፣ ጎማ እኮ አይደለም» እያሏቸው፣ የናዝሬትን ጥጥ ይነድፉ ነበር።