ትንሽ አይደለም

ስንቄ ጡቷን በቀዶ ሕክምና ካስወገደች ሁለት ዓመት አልፏታል። ካንሰሩ ጠፋ፤ ሕመሙ ግን አለቀቃትም። ከብብቷ እየተነሣ ክንዷን ይለበልባታል። የልብሷ ጨርቅ ሲነካት እንኳ ትሸማቀቃለች። መወልወያ መግፋት ሲያቅታት የትምህርት ቤት ጽዳት ሥራዋን ተወች። ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈሯ ያሉት ጎረቤቶቿ ግን ባገኟት ቁጥር «ተመስገን፣ ዳንሽ!» ይሏታል። ያን ጊዜ ደሟ ይፈላል። የዳነ ሰው በቁሙ ይቃጠላል?

ክሊኒክ ስትሄድ እዚሁ የተወለደችው ልጇ ሃዳር ወደ ዕብራይስጥ ታስተረጉምላታለች። ሐኪሟ ሊአት ሁልጊዜ ያንኑ የራስ ምታት ክኒን ጽፋ ትሸኛቸዋለች።

አንድ ቀን ስንቄ፣ «እሳት ነው በያት። እንቅልፍ ነሣኝ በያት» አለች። ሃዳር ባጭሩ ተናገረች። ስንቄ ከመሃል አንዲት ቃል ለየች፤ «ክጻት»። ትንሽ ማለት ነው።

«ምን ብለሽ ነገርሻት?»

«ያልሽኝን ነዋ፣ ኢማ።»

«ትንሽ ያመኛል ነው ያልኩሽ?»

ሃዳር አቀረቀረች። ስንቄ ብድግ ብላ ሸሚዟን ከትከሻዋ ገፈፈችና ጠባሳዋን ለሐኪሟ አሳየች። «ሎ ክጻት!» ብላ ጮኸች። «ትንሽ አይደለም! ሾሬፍ! ያቃጥላል!»

ሊአት ከኮምፒውተሩ ዞረች። የስንቄን ብብት በጣቷ ጫፍ ብትነካት ስንቄ የሐኪሟን እጅ መንጭቃ ጣለችው። ሊአት ቀስ ብላ አስረዳች፣ ሃዳርም ተረጎመች፤ በቀዶ ሕክምናው የተጎዳ ነርቭ ነው፣ ካንሰሩ አልተመለሰም፣ ስንቄ ወደ ሕመም ሕክምና ክፍል ቀድሞ መላክ ነበረባት። «ግን እኮ ትንሽ ያማታል ስትሉኝ ነው የኖርኩት» አለች።

«ብትልሽስ?» አለች ስንቄ በአማርኛ። «ሁለት ዓመት ስመላለስ አንድ ቀን ነክተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ይህን ሃዳር ቃል ሳታጎድል ተረጎመችው።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሃዳር አለቀሰች። «ፈርቼ ነው፣ ኢማ። እውነቱን ብነግራት በሽታው ተመልሷል የምትለን መሰለኝ።»

«አንቺ ፈራሽ፤ እኔ ነደድኩ» አለቻት ስንቄ። አላቀፈቻትም።

ከሕመም ሕክምና ክፍሉ ያገኘችው አዲስ መድኃኒት እንቅልፍ መልሶላታል፤ ክንዷ ግን ቀን ቀን አሁንም ይለበልባታል። ከእራት በኋላ ሃዳርን አጠገቧ አስቀምጣ፣ መውጋት፣ መንዘር፣ መደንዘዝ በዕብራይስጥ ምን እንደሚባሉ ትጠይቃታለች። ሃዳር እየደጋገመች ታስጠናታለች። የስንቄ ፊት ግን ገና አልተፈታም።