አጎቴ ስም ሲፈልጉ

አጎቴ ካረፉ ሁለት ወር ሆናቸው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፌርፋክስ ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ እንበላ ነበር። መስኮቱ ዳር ይቀመጡና መኪናውን ፓርክ አድርጎ የሚወርደውን ሁሉ በስሙ፣ ከነአባቱ ይጠሩታል። ስም ሲጠፋባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ቆይ፣ ይመጣል» ይላሉ።

እኔ ግን አልቆይም። መዘግየት አልወድም፤ ፈጥኜ እነግራቸዋለሁ። የመርሳት በሽታ እንደጀመራቸው ከታወቀ በኋላም አልተውኩም።

«አንቺ ፈተና ላይም እንዲህ ለጎረቤት ትነግሪያለሽ?» ብለው ሳቁብኝ አንድ ቀን።

«ጋሼ፣ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝብዎ ብዬ ነው እኮ።»

በአርባ ስድስት ዓመቴ ኮሌጅ የገባሁ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ፣ የአንጎል ሴል ሥራ ሲይዝ የሚነቁ ጂኖች እንዳሉ፣ ትውስታም እንዲጸና እንደሚያግዙ ተማርን። እጄን አውጥቼ የአጎቴን ነገር ጠየቅሁ። አስተማሪዋ፣ «በሽታው የራሱ መንገድ አለው፤ ስም ስለነገርሻቸው አልመጣም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ መጽሐፉንም ደግሜ አንብቤ አረጋግጫለሁ።

ያም ሆኖ አሁን እሑድ ብቻዬን እዚያው ስቀመጥ የሚታየኝ የመጨረሻው ወራቸው ነው። ስም ሲጠፋባቸው መፈለጉን ትተውት ነበር። ዞር ብለው እኔን ያዩና ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር፤ የጠቀምኳቸው መስሎኝ።