አማቴና ጥቁሩ ቢራ

አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ቢራ ወደ አፌ ሳላስጠጋ ኖሬያለሁ። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም። ሆሳዕና ውስጥ ከወንጌላውያን ቤተሰብ የተወለደ፣ የመዘምራን መሪ አጥር የሚጋራው የአማርኛ አስተማሪ የት ተደብቆ ይጠጣል?

ያስቀመሰኝ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ትምህርት ስንጨርስ እሱ አዲስ አበባ ቀረ፤ ባለፈው ዓመት ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ጓዳ የምታክል የቢራ መጥመቂያ ከፈተ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳይደውል መጣ። አራት ጠርሙስ በጋቢ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነበር።

«ቅመሱልኝ» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ስታውት ይባላል፤ ጥቁር ቢራ ነው። አልኮሉ ግን ዜሮ ነጥብ አምስት ብቻ።»

«እኛ እንደማንጠጣ ታውቃለህ» አልኩት።

«ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት! የጠጪ ምላስ አይታመንም፤ ምን ብትሰጠው ያመሰግናል። የእናንተ ገና አልተነካም።»

ባለቤቴን አየኋት። የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ ቤታችን ውስጥ ሃይማኖትና ሳይንስ ሲጋጩ ፍርድ የምትሰጠው እሷ ናት። የጠርሙሱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበችና «ይህን ያህልማ ዳቦም ውስጥ ይኖራል» አለች። ከዚያ ተነስታ መጋረጃውን ዘጋች። ዳቦ ስንበላ መጋረጃ ዘግተን አናውቅም።

ጠርሙሱ ከአዲስ አበባ እስከ እኛ ድረስ ሲንገጫገጭ ስለመጣ ክዳኑ ሲነሳ ፈነዳ ማለት ይቀላል። ግማሹ አረፋ ሆኖ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። የቀረውን ጓደኛዬ በሻይ ብርጭቆ ቀዳልንና ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ቅጽ ነው። መልክ፣ ሽታ፣ አረፋ፣ ጣዕም፣ አፍ ውስጥ የሚተወው ስሜት እያለ ይወርዳል።

ተጎነጨሁ። መጀመሪያ የመጣው ምሬት ነው፤ ቀጥሎ ድስት ሥር የያዘ ነገር፤ ከዚያ ምንም። ምላሴ የሆነ ነገር ይመጣል ብላ ጠብቃ ቀረች። «መልክ» ከሚለው ፊት ለፊት «ጥቁር» ብዬ ጻፍኩ። «ጣዕም» ከሚለው ፊት ለፊት «መራራ»።

ጓደኛዬ በትከሻዬ በኩል አነበበ። «አንተ አማርኛ አስተማሪ አይደለህም እንዴ? ስምንት ወር የለፋሁበትን መራራ ብለህ ዘጋኸው?»

«መራራ ከሆነ ምን ልበል?»

«የቡና ዝቃጭ በለው» አለች ባለቤቴ ፊቷን አኮማትራ። «ከነአተላው።»

እሱ ሊቆጣ ሲል በሩ ተንኳኳ፤ ሳንከፍተውም ተከፈተ። አማቴ ናቸው። አንጋጫ ነው የሚኖሩት፤ በየወሩ አንድ ጊዜ ቆጮና ጎመን ይዘው ይመጣሉ፤ እንደሚመጡም አስቀድመው አይናገሩም። የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ኅብረት መሪ ናቸው። ጠርሙሶቹን በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋሁ። ብርጭቆዎቹ ግን ጠረጴዛው ላይ እንደቆሙ ቀሩ።

አማቴ ሦስታችንንም አገላብጠው ሳሙ፤ ተቀመጡ፤ የተዘጋውን መጋረጃ አዩ፤ ብርጭቆውን አዩ።

«ምንድነው?»

«ማልት ነው፣ እማማ። ለስላሳ» አልኩ። ጓደኛዬ የተሰደበ ያህል ዞሮ አየኝ።

አማቴ የእኔን ብርጭቆ አንስተው አሸተቱት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጠጡና አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት። በቤት የሚናገሩት ከምባትኛ ነው፤ በአማርኛ ሲናገሩ ቃል አያባክኑም።

«ማልት አይደለም» አሉ። «ጠላ ነው። የታመመ ጠላ።»

ደግመው አሸተቱት።

«ገብሱን የቆላው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለ ጓደኛዬ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

«አሳርረኸዋል።»

«ሆን ብዬ ነው። አሠራሩ እንደዚያ ነው።»

«ጉልበትም የለውም።»

«እሱንም ሆን ብዬ ነው ያደከምኩት። እንዳያሰክር።»

አማቴ በሐዘኔታ አዩት። «ልጄ፣ ሰው ሆን ብሎ ስንት ነገር ያበላሻል?»

ባለቤቴ ሳቋን ልትይዝ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር፤ ድንገት አወረደችው። «እማዬ፣ ቆይ፤ አንቺ ጠላ የት ታውቂያለሽ?»

አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ለልጃቸው በከምባትኛ መመለስ ጀመሩና እንግዳው እንዲሰማ ወደ አማርኛ ተመለሱ። ወንጌል ሳይቀበሉ፣ ባልም ሳያገቡ፣ ከእናታቸው ጋር ለአንጋጫ ገበያ ጠላ ይጠምቁ ነበር። ከአዲሎ ድረስ ለእነሱ ጠላ ብለው የሚመጡ ነጋዴዎች ነበሩ። እናትየው ዓይናቸው ሲደክም ብቅሉን እየቀመሱ «ደርሷል፣ አልደረሰም» የሚሉት በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አማቴ ነበሩ። ወንጌል ተቀብለው ከተጠመቁ በኋላ የጠላ ጋኖቹን የእህል ማስቀመጫ አደረጓቸው።

«የበቆሎው ጋን?» አለች ባለቤቴ። «እኔ ውስጡ እየገባሁ የምደበቅበት?»

«እሱ ራሱ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

ጓደኛዬ ግን የሰው ታሪክ የሚሰማበት ልብ አልነበረውም። ቅጹን ከእጄ ነጥቆ ጎናቸው ቁጭ አለ። የቀሩትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ ከፈተላቸው፤ አማቴም እየተጎነጩ ነገሩት። ብቅሉ ሳይደርቅ ተፈጭቷል። ውኃው ጨው ጨው ይላል። አረፋው ለመታየት እንጂ ለመጠጣት አይደለም። ጌሾ የለውም፤ በጌሾ ፋንታ የገባው ቅጠል ሳሙና ሳሙና ይሸታል። እሱ ይጽፋል፤ ወረቀቱ ሲሞላ በጀርባው ቀጠለ። አንድ ጊዜ ብቻ «ከሥሩ የሚመጣው ጣፋጭ ነገር ጥሩ ነው፤ እሱን ጠብቀው» አሉትና ጎልማሳው ሰውዬ እንደ ተማሪ ደስ አለው።

መጨረሻ ላይ ባዶውን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ስንት ቢጠጡት ያሰክራል?»

«አሥር ጠርሙስ ቢጠጡም ሆድ ይነፋል እንጂ አያሰክርም» አለች ባለቤቴ።

«ታዲያ ለምን ይጠጡታል?»

ጓደኛዬ ጥያቄውን ቅጹ ጥግ ላይ ጻፈው። ከዚያ «ይህንን ባልደረቦቼን እጠይቃለሁ» አለ።

በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ከሁለት ወር በኋላ ደውሎ ብቅሉን እንዳሉት አድርቆ ቢሠራው ሰው እንደወደደለት ነገረኝ። ጠርሙሱ ላይ የአማቴን ስም ሊጽፍ ፈቃድ ጠየቀ። አማቴ በስልክ ሲሰሙ «ስሜ ጠርሙስ ላይ ከወጣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን እወጣለሁ» ብለው ዘጉት።

እኔን ላብ ላብ ያሰኘኝ ግን ያኔ ጓደኛዬ በሄደ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ነው። አማቴን ወደ አንጋጫ ልሸኝ መናኸሪያ ሄድኩ። ዘንቢላቸው መንገዱን ሁሉ ቅጭል ቅጭል ይላል። አራቱን ባዶ ጠርሙሶች ለዘይት ይሆናሉ ብለው አጥበው ይዘዋቸዋል፤ የጠርሙሶቹ አንገት ከዘንቢሉ ወደ ውጭ ብቅ ብሏል። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጥግ የተቀመጠው ደግሞ ጎረቤታችን የመዘምራን መሪው ነበር። ጠርሙሶቹን አየ። አማቴን አየ።

«እማማ፣ እነዚህ የቢራ ጠርሙሶች አይደሉም?»

«ናቸው» አሉ አማቴ ዘንቢሉን ጭናቸው ላይ እያመቻቹ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ድምፃቸው እስከ ሹፌሩ ይሰማል። «አማቼ ነው የሰጠኝ። እግዚአብሔር ይስጠው።»